ዘጠኝ ሁሉ አንድ አይደለም

ጎልማሳው አየር ጤና አካባቢ አነስተኛ ሱቅ አለው። ከአባቱ የወረሰውን ማካሮቭ ሽጉጥ ፈቃዱን በስሙ አዙሮ ይዟል። ሰፈሩ ውስጥ ሌብነት ከበዛ ወዲህ ማታ ሱቁን ሲዘጋ የቀኑን ሽያጭ በኪሱ፣ ሽጉጡን በወገቡ አድርጎ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳው ጥይት ነው። የአባቱ ጥይት አርጅቷል። ራስን ለመከላከል የትኛው ይሻላል?

የጠየቀው ግድግዳ የሚጋሩትን ጡረተኛ ፖሊስ ነው።

«ጋሼ፣ ዘጠኝ ሚሊ እስከሆነ ድረስ ሁሉም ያው አይደል?»

«አይደለም ልጄ።»

እውነታቸውን ነው። የማካሮቭ ጥይት በስም ዘጠኝ ይባል እንጂ የእርሳሱ ውፍረት 9.27 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የቀለሁ ርዝመት 18 ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው ዘጠኝ ደግሞ 9.01 ሲሆን ቀለሁ 19 ነው። የአንዱ ጥይት ለሌላው ሽጉጥ አይሆንም። ሳያውቁ ከመንገድ ላይ ለሚገዙ ይህ አንዱ ጣጣ ነው (ሌላው ጣጣ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ጥይቱንም ይቆጣጠራል)።

«አፍንጫው የተቦረቦረውስ? እሱ ነው የሚያስተማምነው ይላሉ።»

ይህ ጥይት ሰውነት ውስጥ ሲገባ ይፈካል። በ1899 እ.ኤ.አ. ሄግ ላይ የተሰበሰቡ መንግሥታት ለጦርነት እንዳይውል የተስማሙበት ዓይነት ነው። የሚገርመው ዛሬ የብዙ አገር ፖሊሶች ይህንኑ ይይዛሉ። ምክንያታቸው የመታውን ሰው በስቶ ከኋላው የቆመውን እንዳይደርስ ነው። ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተሸፈነው ግን ብዙ ጊዜ አልፎ ይሄዳል።

ክርክሩ የሚሠራው ግን ጥይቱ ሰውዬውን ካገኘው ነው። ከሳተውስ? ማታ፣ በድንጋጤ፣ እጅ እየተንቀጠቀጠ መሳት ብርቅ አይደለም። ቆርቆሮ ደግሞ የትኛውንም ጥይት አያቆምም።

ጋሼ ይህን አላብራሩም። ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ።

«ከዚህ ማዶ የሚተኙት የልጅ ልጆቼ ናቸው።»

ጎልማሳው ዝም አለ።

ኮልፌ ለዚህ ወሬ እንግዳ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚሁ ነበር። ሥልጠናውን ሳይጨርስ ወደ አገሩ ሲጠራ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ (ኋላ ጄኔራል) አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት በስጦታ ሰጡት። ማንዴላ ከዓመታት በኋላ ስለዚያ ጉዞ ሲያወሳ የጥይቱን ክብደት ትንሽ ልጅ በጀርባ ከማዘል ጋር አመሳስሎታል። ሽጉጡ ደቡብ አፍሪካ ሊሊስሊፍ እርሻ ውስጥ ተቀበረ፤ በኋላ ቢቆፈርም አልተገኘም።

በማግስቱ ጎልማሳው በያጅ ጠርቶ በሩን በወፍራም ብረት አስጠገነ፤ ጓሮው ላይም መብራት አስተከለ። አምፖሉን ሲያስሩ መሰላሉን የያዘው የጋሼ ትልቁ የልጅ ልጅ ነበር። ጥይት እስካሁን አልገዛም።