ስለ ጅማ መንገድ መስፋትና ስለ መጋጠሚያዎቹ

በቡና ለቀማ ወራት፣ በኅዳር፣ ከአዲስ አበባ ተነሥተን ወደ ጅማ አገር ሄደን ነበር። የሄድነውም ቡናውን ለማየት ሳይሆን ቡናው የሚመላለስበትን መንገድ ለማየት ነው። መንገድ የመሐንዲስ ጉዳይ እንጂ የቤተሰብ ገጽ ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ አይታጣም፤ ነገር ግን ልጁን በማለዳ አውራ ጐዳና አሻግሮ ወደ ትምህርት ቤት የሚሰድ ወላጅ ሁሉ ስለ መንገድ ስፋት የሚያገባው መሆኑን ከዚህ በታች የምንጽፈው ያስረዳል ብለን እናምናለን።

ከዋና ከተማችን ስንወጣ መጀመሪያ ያለፍነው የቀለበት መንገዱን ነው። ይህ መንገድ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲሠራ ፈጣን እንዲሆን ታስቦ በመካከሉ የሲሚንቶ ግንብ ቆመለት። ከግንቡ ወዲህና ወዲያ የሚኖሩት ሰዎች ግን ጎረቤታሞች ነበሩና፣ የእግረኛው ድልድይ ሲርቅባቸው ግንቡን እየዘለሉ ሲሻገሩ ማየት የተለመደ ሆነ። ይህን ያነሣነው ለነቀፋ አይደለም፤ ሰፊ መንገድ በሠፈር መካከል ሲያልፍ ምን እንደሚያስከትል ከዚያ የበለጠ አስተማሪ ስለሌለ ነው።

ከዚያ በኋላ ዓለም ገናን፣ ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶንና ወልቂጤን አለፍን። እስከ ጅማ ያለው ርቀት 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረሩበት ዘመን ይህን መስመር ለመኪና አበጁት፤ በሰኔ 1933 ዓ.ም. ጅማ ከእጃቸው ስትወጣ በጦርነቱ የተጐዳ መንገድ ለአገሩ ቀረ። በመስከረም 1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ መንገዶች መጠገኛ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በዚያው ዓመት በጥር ወር የአውራ ጐዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። መንገዱ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ታድሷል፤ አስፋልቱም ተለውጧል። አካሄዱ ግን በብዙ ስፍራ ያው የጥንቱ ነው፤ በየከተማው መካከል ሰንጥቆ ያልፋል፤ በየገደሉም ላይ በጠባቡ ይጠማዘዛል።

ከወልቂጤ በታች ወደ ጊቤ ሸለቆ ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ፣ መንገዱም እየተጠማዘዘ ሄደ። የተጫነ ተሳቢ ዳገቱን ሲወጣ የሰው እርምጃ ያህል ብቻ ይጓዛል፤ ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ መታገሥ አለበት፤ ትዕግሥቱ ያለቀበት ሾፌር በጠመዝማዛው ላይ ሊያልፍ ሲወጣ ከላይ ከሚመጣው ጋር ይገናኛል። ለእንዲህ ያለ ዳገት መሐንዲሶች ያገኙት መድኃኒት ለከባድ መኪና ብቻ የሚሆን አንድ ተጨማሪ መስመር በስተቀኝ መጨመር ነው። ገንዘብ የሚያስፈልገው ስፋት እንዲህ ያለው ነው፤ በዚያ ገደል ላይ የሚፈርስ ቤት የለም፤ የሚቈረጥ የሰው ቡና የለም።

ጅማ የገባነው በሐሙስ ቀን ነው። ሐሙስ የጥንቱ የሄርማታ ገበያ ቀን መሆኑን የአገሩ ሽማግሌዎች አይረሱትም። በአባ ጅፋር ዘመን ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ በዚያ ይገናኝ ነበር፤ በገበያው ቀን እስከ ሠላሳ ሺህ ሰው ይሰበሰብ እንደ ነበርም ይነገራል። በግዛቱ ዳርቻ በየመንገዱ ላይ ኬላ ነበር፤ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቈጣጠር አባ ኬላ የሚባል ሹም ነበረበት። ከተማይቱ እንግዲህ ከመነሻዋ የመንገድ መጋጠሚያ ናት። ዛሬም የአዲስ አበባው፣ የአጋሮና የበደሌው፣ የቦንጋና የሚዛኑ፣ የጭዳና የሶዶው መንገድ ከእርስዋ ይገናኛሉ። ልዩነቱ፣ በቅሎና በቅሎ ሲገናኙ ባለቤቶቹ ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ ተሳቢና ተሳቢ ግን በአንድ ጠባብ ማእዘን ላይ ሲገናኙ ከተማው ሁሉ ይቆማል።

በቅርብ ዓመታት በጅማ የኮሪደር ልማት በሚባለው ሥራ ጐዳናዎች ሰፍተዋል፤ የእግረኛ መሄጃ ተነጥፏል፤ የአዌቱ ወንዝ ዳርም መዝናኛ ሆኗል። ማታ ቤተሰቡ ልጆቹን ይዞ ሲንሸራሸር አይተን ደስ ብሎናል። ነገር ግን ሰፊው ጐዳና ሄዶ ከመጋጠሚያው ሲደርስ እንደ ጠርሙስ አንገት የሚጠብ ከሆነ፣ የተጨመረው ስፋት መኪና ቆሞ የሚጠብቅበት ሜዳ ብቻ ይሆናል። አራት መንገዶች በመስቀለኛ ሲገናኙ መኪና ከመኪና ሊጋጭ የሚችልባቸው ነጥቦች 32 ናቸው ብለው መሐንዲሶች ይቈጥራሉ፤ በዚያው ስፍራ ባለአንድ መስመር ክብ አደባባይ ቢሠራ ወደ 8 ይወርዳሉ። ሆኖም አደባባይ ሥራውን የሚሠራው የሚገባው ሰው በውስጥ ላለው ቅድሚያ ሲሰጥ ነው፤ እንግሊዞች እንኳ ይህን ደንብ በአገራቸው ያጸኑት በ1959 ዓ.ም. ነው። ደንቡን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማክበሩ ላይ ግን እንሽቀዳደማለን።

በማግሥቱ ወደ አጋሮ አቅጣጫ ሄድን። የመልኮን የቡና ምርምር ማእከል አልፈን፣ ከመንገዱ ዳር ባለች፣ ስሟን በማንጠራት ትንሽ ከተማ ቡና ለመጠጣት ወረድን። ቡናውን ያፈሉልን አንዲት አረጋዊት እናት ናቸው። ከደጃቸው እስከ አስፋልቱ አምስት እርምጃ አይሞላም፤ በዚያች መሬት ላይ በሰሌን ጀንፈል ተሰጥቷል። በግድግዳቸው ላይ የቀይ ቀለም ምልክት አየንና ምን እንደ ሆነ ጠየቅናቸው።

«ለክተው ሄዱ» አሉን፤ «መንገዱ ሊሰፋ ነው ይላሉ። ጠጠር ሲሆን አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ገፋን፤ አስፋልት ሲሆን ደግሞ ገፋን። አሁን ከኋላችን ያለው ቡናው ነው። እኛስ እንሂድ እሺ፤ ቡናው ወዴት ይሂድ ልጆቼ?»

የተተከለ ቡና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት እንደሚፈልግ አንባቢ ያውቃል። እንግዲያው መንገዱ ባይሰፋ ይወዱ እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። ዝም ብለው ጀበናውን አወረዱና፣ «እንዲህስ አልልም» አሉ። «ልጄ ምጥ ጠንቶባት በሌሊት ጅማ ያደረሳት ይኸው መንገድ ነው። መንገድ ባይኖር ዛሬ ይህ ልጅ አይኖርም ነበር።» ከጐናቸው የተቀመጠውን የልጅ ልጃቸውን በእጃቸው ነኩት። ትምህርት ቤቱ ከአስፋልቱ ማዶ ነው፤ በለቀማ ወራት የቡና ጭነት ስለሚበዛ በየማለዳው ራሳቸው ያሻግሩታል።

እኛም እዚያው ተቀምጠን ሒሳብ አሰብን። ሁለት መስመር ያለው መንገድ ሰባት ሜትር ያህል ነው፤ አሮጊትና ሕፃን በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ቢራመዱ በሰባት ሴኮንድ ይሻገሩታል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያ ጊዜ መቶ ሜትር ያህል ይመጣል። መንገዱ አራት መስመር ሲሆን ግን መሻገሪያው ዐሥራ አራት ሴኮንድ ይፈጃል፤ መኪናውም ሁለት መቶ ሜትር ሊጠጋ ይመጣል፤ መንገዱ ስለ ሰፋም ሾፌሩ በ50 አይሄድም። በመካከል ቆመው የሚጠብቁበት ከፍ ያለ ደሴት ቢሠራላቸው ያው ዐሥራ አራት ሴኮንድ ለሁለት ይከፈላል። ይህ ደሴት ጥቂት ሲሚንቶና ድንጋይ እንጂ ሌላ የሚፈልገው ነገር የለም።

ስለ መንገዱ ማርጀትም አንድ ነገር እንበል፤ ብዙ ሰው መንገድ የሚያረጀው በመኪናው ብዛት ይመስለዋልና። ከ1951 እስከ 1953 ዓ.ም. በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት በተደረገው ታላቅ የመንገድ ፈተና የታወቀው፣ በአንድ አክስል ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ እንደሚጠጋ ነው። ስለዚህ አንድ ከመጠን በላይ የጫነ ተሳቢ ሺህ ትንንሽ መኪኖች የማያደርጉትን ያደርጋል። እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት አገር ደግሞ የውሃ መውረጃው ከተደፈነ ውሃው ከአስፋልቱ በታች ገብቶ መሠረቱን ያላላዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያልፈው ጭነት ይጨርሰዋል። ባየናቸው ከተሞች ከአንድ በላይ ቦይ በቆሻሻና በአፈር ተሞልቶ አግኝተናል። ቦይ ሳይጠርጉ መንገድ ማስፋት፣ የሚያፈሰውን ቤት ጣራ ሳይደፍኑ ሳሎኑን እንደ መጨመር ነው።

በአጋሮ ያነጋገርናቸው አንድ የቡና ነጋዴ ግን በአሳባችን አልተስማሙም። «እናንተ ስለ ቦይ ታወራላችሁ፤ በገበያ ቀን ሕመምተኛ የጫነ መኪና እንኳ ማለፍ ያቅተዋል። ይስፋና እንተንፍስ» አሉን። እውነት አላቸው፤ በዚያ ሰዓት መንገዱን ከግራም ከቀኝም ባጃጅ፣ ጆንያና ፈረስ ይዘውት ነበር። እኛ የመለስንላቸው፣ ለሩቅ አገር የተጫነው ተሳቢ በከተማው መካከል ማለፍ ለምን አስፈለገው የሚል ነው። በከተማው ጀርባ የሚዞር መንገድ ቢወጣና ከዋናው ጋር የሚገናኝባቸው ሁለት ጫፎች በደህና አደባባይ ቢበጁ፣ የመካከሉ ጐዳና ለገበያተኛው፣ ለሕመምተኛውና ለተማሪው ይበቃል ብለን እናስባለን። ነጋዴው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ተሳቢው በጀርባ ከሄደ የእኔን ቡና ማን ሊጭን ይመጣል?» አሉ። ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀነው መልስ አልነበረንም፤ የመጫኛ ስፍራ ከዳር ይሠራ ማለት ከወረቀት ላይ ይቀላልና።

ስንመለስ በዚያችው ትንሽ ከተማ በማለዳ አለፍን። አረጋዊቷ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ከአስፋልቱ ዳር ቆመው ነበር። መኪናችንን አቁመን ተሻገሩ ብለን በእጃችን ብናመለክት እሳቸው አልተሻገሩም፤ ከእኛ በስተኋላ የሚመጣውን ይመለከቱ ነበር። ሰባት የጭነት መኪና አለፈ። ከዚያም ልጁን ፈጠን አድርገው እየሳቡ ተሻገሩና፣ ከማዶ ሆነው እጃቸውን አነሡልን።