እማዬ ያለችበት ዲስክ

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በፋሲካ ሰሞን፣ የቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ወደ ሰፈራችን መጥተው በዕድሜ የገፉ እናቶችን ስለ ድሮ በዓል አነጋግረው ነበር። አንዷ እናቴ ነበረች። ያኔ 84 ዓመቷ ነው። ዶሮ ወጥ እንዴት ይሠራ እንደነበር ተጠይቃ፣ ሽንኩርቱን ትታ ስለ ልጆቿ ማውራት ጀመረች። ፕሮግራሙ የበዓሉ ዕለት ሲተላለፍ የልጅ ልጄ ሪሲቨሩ ላይ ፍላሽ ሰክቶ መቅጃውን ተጫነ። 48 ደቂቃ ተቀዳ።

ደብረ ብርሃን የምትኖረው ታላቅ እህቴ ግን አላየችውም። በዚያ ሰዓት መብራት ጠፍቶባት ነበር። ማታ ደወለችልኝ።

“እማዬ ምን አለች?”

“ብዙ ነገር አለች። ስትመጪ ታይዋለሽ።”

“ምን ለብሳ ነበር?”

“ነጠላ ነዋ! ምን ትለብሳለች?” ብዬ ሳቅሁ። ጥያቄው የገባኝ ቆይቶ ነው።

እታለም ሳትመጣ ክረምቱ ገባ። እማዬም በነሐሴ አረፈች። እህቴ የደረሰችው ለቀብር ነው። እማዬ የመጨረሻዎቹን 11 ዓመታት የኖረችው እኔ ዘንድ ስለነበር፣ እህቴ በሆዷ የያዘችው ቅሬታ እንዳለ አውቃለሁ። ለቅሶው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አመለጣት፤ “አንቺ ምን አለብሽ፤ ስትናፍቅሽ ድምጿ ቤትሽ አለ” አለችኝ። ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትምና ያን ጊዜ ላሳያት አልቻልኩም። ልትሄድ ስትል “ያቺን ነገር በዲስክ አድርጊና ላኪልኝ” አለችኝ። ቃል ገባሁ።

ልጆቼ በየበኩላቸው መላ አመጡ። አንዱ “በስልክ እንላክላት” አለ፤ ሌላዋ “አዲስ ቲቪ እንግዛላት” አለች። እታለም ያላት ግን ለመደወልና ለመቀበል ብቻ የሚሆን ስልክ ነው። በደንብ የምታውቀው መዝሙርና ድራማ የምታይበትን አሮጌ ዲቪዲ ዴኳን ነው። እኔ ደግሞ 33 ዓመት በነርስነት ስሠራ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ጥሩ መድኃኒት ማለት በሽተኛው ቤቱ ገብቶ ሊወስደው የሚችለው መሆኑን ነው። ስለዚህ ዲስክ ይሁን አልኩ።

ፍላሹን ሰፈራችን ወዳለ አንድ ሱቅ ወሰድኩ። ልጁ ቀና ብሎ ሳያየኝ በአምስት ደቂቃ ዲስክ ሰጠኝ። ወደ ደብረ ብርሃን ለሚሄድ ዘመድ አስይዤ ላክሁ። በማግስቱ እታለም ደወለች። “አያነብም” አለች። በጨርቅ ጠርጋዋለች፣ ደጋግማ አስገብታ አውጥታዋለች። ዝም ካለች በኋላ “ተይው በቃ” ብላ ስልኩን ዘጋችው። ሆን ብዬ ያጓደልኩባት የመሰላት ይመስለኛል።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሪሞት ይዞ “እማማ፣ ፍላሹ ሞልቷል፤ ለኳሱ ቦታ እንዲኖር የድሮውን ላጥፋው?” አለኝ። የድሮው ማለት እማዬ ናት! የያዝኩትን ቡና አስቀምጬ ፍላሹን ነቀልኩና በመሀረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ልጁ አላጠፋም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠን ነገር “አለኝ” ብዬ ተኝቼ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የሠርግ ቪዲዮ ወደሚያቀናብር ወጣት ሄድኩ። “ማዘር፣ ይቀመጡ” ብሎ ፍላሹንም ያልሠራውንም ዲስክ ኮምፒውተሩ ላይ አያቸው።

“ዲስኩ ውስጥ እናትዎ አሉ” አለኝ። “ልጁ ፋይሉን እንዳለ ስለገለበጠው ነው ዴኩ ያልገባው።”

ነገሩን በትዕግሥት አስረዳኝ። ሪሲቨር ሲቀዳ ሥርጭቱን ከሳተላይት እንደመጣ ያስቀምጠዋል። ብዙ ጊዜ የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ “ቲኤስ” የሚል ይታያል። ኮምፒውተር ይህን ሊከፍተው ይችላል። የድሮ ዲቪዲ ዴክ ግን የሚፈልገው ሌላ ነው። ምስሉ ኤምፔግ 2 በሚባለው ዓይነት መሆን አለበት፤ ፓል በሚባለው ሥርዓት ደግሞ የምስሉ ስፋት 720 በ576 ነው። ፋይሎቹም በራሳቸው ፎልደር፣ በራሳቸው ቅደም ተከተል መደርደር አለባቸው። የኛ ቅጂ ኤችዲ ስለነበር ምስሉ እንደገና መሠራት ነበረበት።

ይህን ስሰማ ጤና ጣቢያ የምንጽፈው የሪፈር ወረቀት ትዝ አለኝ። የጻፈው ሰው ብቻ የሚያነበው ከሆነ፣ በሽተኛው ሆስፒታል ደርሶም እንዳልደረሰ ነው። ወረቀቱ የሚጻፈው ለሚቀበለው ሰው ነው። እኔም እስከዚያ ቀን ያሰብኩት ስለምልከው ነገር እንጂ እታለም ቤት ስላለው ዴክ አልነበረም።

ወጣቱ ከፕሮግራሙ በፊትና በኋላ የገባውን ማስታወቂያ ቆረጠ። ከዚያ ኮንቨርት ማድረግ ጀመረ፤ በእሱ አሮጌ ኮምፒውተር ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ተቀምጬ ጠበቅሁ። ዲስኩ ላይ ሲጽፍም ፍጥነቱን ቀነሰ፤ መጨረሻ ላይ ዲስኩን “ዘጋው”። ካልተዘጋ ሌላ ዴክ ላያነበው ይችላል አለኝ። በኮምፒውተር ብቻ ሞክሮ አላበቃም፤ ሱቁ ውስጥ ባለች አቧራ በለበሰች ዴክ አጫወተልኝ። ሦስት ቅጂ አሠራሁ።

በዚህ ጊዜ ለማንም አላስያዝኩም። 130 ኪሎ ሜትሩን ራሴ ተጓዝኩ።

እታለም ዴኩን ከፈተች። ዲስኩ ሲሽከረከር ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። እማዬ ብቅ አለች። ነጠላዋን እያስተካከለች “ልጆቼ ሁሉም ደኅና ናቸው፤ አንዷ ብቻ ራቀችብኝ” ስትል እህቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች።

“ቆይ፣ አቁሚው!”

አቆምኩት።

“ጥለቱን አየሽው? አረንጓዴና ወርቃማው? እኔ የላክሁላት ነው። ለብሳዋለች!”

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከበዓሉ ጥቂት ወራት በፊት አንዲት ጎረቤቷ በፌስታል ይዛልን የመጣችው ነጠላ ነው። እማዬ “ለክት ይሁን” ብላ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ለብሳ ያየኋትም የዚያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ግን ለእህቴ ይህን አልነገርኳትም ነበር፤ ስትጠይቀኝ ሳቅሁባት።

እታለም እንባዋን ጠርጋ “ከመጀመሪያው አድርጊው” አለችኝ። ሦስት ጊዜ አየነው። ነጠላው አሁንም እኔ ጋ ስለነበር በሚቀጥለው ሳምንት ላክሁላት።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ቅጂ ካለ ዛሬውኑ እዩት። አንዳንድ ሪሲቨር የቀዳውን ስለሚቆልፈው በሌላ ዕቃ አይከፈትም፤ ሪሲቨሩ ሲበላሽ ቅጂውም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ፍላሹን ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። ቅጂው ረዥም ከሆነ በየ4 ጊጋባይቱ ተከፋፍሎ ሊሆን ስለሚችል ሁሉንም ክፍል ውሰዱ። ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ በጥሩ ጥራት አንድ ሰዓት፣ በመጠነኛ ጥራት ሁለት ሰዓት ያህል ማለት ነው። ለሠሪው “ዴክ ላይ የሚጫወት ይሁን” በሉት፤ ከሱቁ ሳትወጡም አጫውቱት። ዲስኩ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ለስላሳ ማርከር ይሻላል። ጠርዙን ያዙት፤ ከፀሐይም አርቁት። ፕሮግራሙ የጣቢያው ንብረት ስለሆነ ቅጂው ከቤተሰብ አይውጣ። ዋናውን ፋይልም ዲስክ ተሠራ ብላችሁ አታጥፉት።

የእማዬ ፍላሽ አሁን ሳጥኔ ውስጥ ነው። ለልጅ ልጄ ሌላ ፍላሽ ገዝቼለታለሁ፤ የፈለገውን ያህል ኳስ ይቅዳበት።