ይህ ሁሉ ሰው ተሳስቶ ነው?

የአጎቴ ልጅ አዋሽ ሰባት ኪሎ ትንሽ ሱቅ አለው። በአዋሽ ሙቀት ውሃ የሚሸጠው ከቀዘቀዘ ብቻ ነው፤ መንገደኛ ከመኪና ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቀዝቃዛ አለ?» ብሎ ነው። ስለዚህ ዕቁብ ሲደርሰው ሁላችንም ፍሪጅ ይገዛል ብለን ነበር። እሱ ግን እኔ ጋ ሰመራ ደወለና ስለ አንድ አዲስ ኮይን ጠየቀኝ። ስሙን አልጠራውም፤ ዛሬ ይሄ ነው፣ ነገ ሌላ ይመጣል።

«በመቶ አገር ገብቷል፤ ሚሊዮን ሰው አለበት» አለኝ። «ይህ ሁሉ ሰው ተሳስቶ ነው?»

እውነቱን ልናገር፣ መልስ አልነበረኝም። እኔም በ2024 (እ.ኤ.አ.) ከአዋሽ እስከ ሰመራ አውቶቡስ ውስጥ ሃምስተር ስነካካ የሄድኩ ሰው ነኝ። «እንጃ፣ ብቻ ተጠንቀቅ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

በኋላ ግን ጥያቄው አላስተኛኝ አለ። የአንድ ክሪፕቶ ኔትወርክ ትልቅነት እንዴት ይታወቃል? ማን ቆጠረው?

በቢትኮይን ጀመርኩ፤ መዝገቡ ለማንም ክፍት ነውና። አፋር ውስጥ የኖረ ሰው ዳጉን ያውቃል። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። መዝገቡን የሚይዙት የቢትኮይን ኮምፒውተሮችም (ኖድ ይሏቸዋል) እንደዚያው ናቸው፤ የሚያውቋቸውን የሌሎች ኖዶች አድራሻ ይነጋገራሉ። ቆጣሪው አንዱን ይጠይቃል፣ የተነገረውን አድራሻ ይዞ ወደ ሌላው ያልፋል፣ እንዲህ እያለ ዓለምን ይዞራል። የሚቆጥረው ግን በሩን የከፈተለትን ብቻ ነው። ከቤት ራውተር ጀርባ ያለው ብዙውን ጊዜ ከውጭ ሲንኳኳ አይመልስም። በቶር የተሸፈነው ይመልሳል፤ አገሩ ግን አይታወቅም። በዚያ ላይ አንድ ሰው አስር ኖድ ሊኖረው ይችላል፤ አብዛኛው ተጠቃሚ ደግሞ አንድም የለውም።

ሁለተኛው መለኪያ የማይኒንግ ጉልበት ነው። እዚህም ማሽኖቹን አንድ በአንድ የቆጠረ የለም። ብሎክ በአማካይ በየ10 ደቂቃው እንዲወጣ ኔትወርኩ በየ2016 ብሎኩ የሥራውን ክብደት ያስተካክላል። ከዚያ ክብደትና ብሎኮቹ ከሚወጡበት ፍጥነት ጠቅላላ ጉልበቱ ይሰላል። ስሌቱ መጠኑን እንጂ ቦታውን አይነግርም። ቦታውን የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከማይኒንግ ፑሎች ባገኙት የአይፒ አድራሻ መረጃ ይገምቱ ነበር። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ቻይና ማይኒንግን ስትከለክል በጁላይና በኦገስት ድርሻዋ ዜሮ ሆኖ ታየ። በሴፕቴምበር ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ብቅ አለ። ያን ያህል ማሽን በአንድ ወር ጠፍቶ አይመለስም፤ አድራሻውን ደብቆ የሚሠራ ነበረ ማለት ነው።

የእኛም አገር ነገር ይገርማል። በኖድ ቆጠራ ስማችን እምብዛም አይነሳም። በኤሌክትሪክ ስንለካ ግን አለን። በ2024 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 የቢትኮይን ማይኒንግ ድርጅቶች ጋር ውል እንዳለው፣ ከእነሱም 19ኙ የቻይና እንደሆኑ ተዘግቧል። ማሽኑ እዚህ፣ ባለቤቱ ሌላ አገር። ታዲያ ኔትወርኩ «ኢትዮጵያ ውስጥ አለ» ሲባል ምኑ ነው ያለው? ኖዱ፣ ማሽኑ ወይስ ባለቤቱ?

የሰው ቁጥርማ ከሁሉም የባሰ ነው። አንድ ሰው ሺህ ዋሌት መክፈት ይችላል። ሃምስተር 300 ሚሊዮን ተጫዋች አለኝ ይል ነበር፤ ሳንቲሙ ሲታደል ብቁ ናችሁ የተባሉት 131 ሚሊዮን ነበሩ።

እንግዲህ ልብ በሉ። መዝገቡ ክፍት የሆነው ቢትኮይን እንኳ በግምት ነው የሚለካው፤ ጠንቃቃ ቆጣሪም «ይህን አይቻለሁ፣ ይህን አላየሁም» ይላል። የአጎቴ ልጅ ኮይን ግን ኖድ የለው፣ ብሎክ የለው፤ ያለው አንድ አፕ ላይ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን የጻፈው ደግሞ ገንዘቡን የሚሰበስበው ሰው ራሱ ነው።

ይህን ሁሉ ተረድቼ ስደውልለት የዕቁቡን ግማሽ አስገብቶ ነበር። ባለፈው አዋሽ ስሄድ አፑን ከፍቶ አሳየኝ። «ማውጣት» የሚለው ቦታ ላይ «በቅርብ ቀን» ይላል፤ እንዲህ ካለ ወራት አልፈዋል። የተጠቃሚው ቁጥር ግን አሁንም ይጨምራል።

በቀረው ግማሽ ያገለገለ ፍሪጅ ገዝቷል። ቀን ቀን በደንብ አያቀዘቅዝም። «ተጠንቀቅ» ብዬ ስልኩን የዘጋሁባት ቀን ትዝ ትለኛለች። «ተጠንቀቅ» ምክር አይደለም፤ ከጥያቄ ማምለጫ ነው።

በዳጉ ዜና ያመጣ ሰው በዓይኑ ያየውንና ከሌላ የሰማውን ለይቶ ነው የሚናገረው። እናንተም ነገ አንድ ሰው «ሚሊዮኖች ገብተውበታል» ሲላችሁ እንዲህ በሉት፦ አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ? ከሰማህስ ከማን?