ፎኒክሱና የፊት ጎማ የሌለው ብስክሌት

ዓርብ፣ ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

የልደታ ማርያም ንግሥ ነው። ጎረቤታችን አዛውንቱ ቡና ጠርተውኝ ሄድኩ። የፊት ጎማው ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር የምገጥምለት አሮጌ ብስክሌት እንደምፈልግ ሰምተው ኖሮ፣ ከደረጃው ሥር የሚያኖሩትን ፎኒክስ አውጥተው አሳዩኝ። ጥቁር ባለ 28፣ የሻንጋይ ሥሪት። መጥሪያው፣ ፓራፋንጎው፣ ፖርቶመጋላው፣ ዲናሞው ሳይቀር በቦታው አለ። አገራችን በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት 24ኛ መውጣቱን እያወሩ መሪውን በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውሉታል።

«ውሰደው ልጄ፣ ዋጋው አያጣላንም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ልለካው» አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

ጎማው ላይ የደረቀውን ጭቃ በአውራ ጣቴ ስፍቀው 635 የሚል ቁጥር ወጣ። ገበያ ላይ በየቦታው የሚገኘው ባለ 26 ጎማ ግን ቁጥሩ 559 ስለሆነ አይተካውም። የፊት ሹካውም ጠባብ ነው፤ አብዛኞቹ የፊት ሞተሮች 100 ሚሊሜትር ክፍተት ይፈልጋሉ።

ትልቁ ችግር ግን ፍሬኑ ነው። የዘንግ ፍሬን ላስቲኩን ወደ ላይ ስቦ የቸርኬውን የውስጥ ጠርዝ ነው የሚይዘው። ከሞተር ጋር የሚመጣው ቸርኬ ደግሞ ያ ጠርዝ የለውም። ነባሩን ቸርኬ እንዳለ ልተወው ቢባል እንኳ ብረት ስለሆነ ውኃ ሲነካው ያንሸራትታል። በሐምሌ ዝናብ ከፒያሳ ወደ ተክለሃይማኖት፣ ያውም የሞተርና የባትሪ ክብደት ተጨምሮበት፣ በእንዲህ ያለ ፍሬን ቁልቁል አልወርድም።

ሹካው፣ ፍሬኑና ጎማዎቹ ከተቀየሩ ከፎኒክሱ ምን ይተርፋል? እንዲህ ሙሉ ሆኖ የቆየ ዕቃ ሲፈታ ማየት ያሳዝነኛል። ለጋሼም ይህንኑ ነገርኳቸው። ከመሸጥ ይልቅ ኩሽኔታውን አጥበን ግራሶ ብንቀባው ራሳቸው ይነዱታል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ወደ አብነት መሄጃ ያለ ጠጋኝ ዘንድ አንድ የድሮ ማውንቴን ባይክ አገኘሁ። የፊት ጎማ ስለሌለው ማንም አይጠይቀውም። እኔ ግን ሞተሩ የራሱን ቸርኬ ይዞ ስለሚመጣ የፊቱን ጎማ ቀድሞም አውልቄ ልጥለው ነበር። ሞተር ለመግጠም አሮጌ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ለሚጥለው ዕቃ ለምን ይከፍላል? ሞተሩና ባትሪው ብቻቸውን ኪስ ያራቁታሉ።

ከተበላሸ ስፒከር የወጣች ማግኔት ይዤ ነበር፤ ፍሬሙም ሹካውም ላይ ተለጠፈች። ሁለቱም ብረት ናቸው። የአሉሚኒየም ሹካ ቢሆን ትቼው እሄድ ነበር፤ ሞተሩ ዘንጉን ሊያሽከረክር ሲታገል ዘንጉ የሚገባበት የሹካው ጫፍ ይሰነጠቃል። በብረቱም ላይ ቢሆን ዘንጉን የሚይዝ ወፍራም ላሜራ አስበይዳለሁ፤ ሞተሩ ተነቅሎ ቢወጣ አደጋው በፊቴ ነው።

ሹካው ስፕሪንግ የለውም፤ ክፍተቱም ልክ 100 ነው፤ የፍሬን ማሰሪያዎቹ ተበይደውበታል። ከመሪው በታች ቧንቧዎቹ የሚገናኙበትን በባትሪ ብርሃን ደጋግሜ አየሁት። ቀለሙ አንድ ቦታ ላይ ጸጉር በምታህል መስመር ተሰንጥቋል። በጥፍሬ ስቧጭረው ቀለሙ ብቻ ነው የለቀቀው፣ ብረቱ ደህና ነው።

«ወንድሜ፣ ይህን ያህል ምን ትፈልግበታለህ?» አለኝ ጠጋኙ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ገዛሁት። የተሰረቀ እንዳይሆን ብዬ ከማን እንደገዛው ስጠይቀው ወረቀቱን አሳይቶኛል። ፍሬሙን ገልብጠን ከፔዳሉ ሥር የተመታውን ቁጥር በውላችን ላይ ጻፍንና ሁለታችንም ፈረምን። የመቀመጫው ቱቦ በዝገት ተጣብቆ አልወርድ ብሏል፤ ዘይት አፍስሼበት አድሯል።