የሙቀጫ ድምፅ

ሰው መኖሪያ ሲመርጥ ውኃውን፣ መንገዱንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ያያል። እኔ ግን፣ ውድ አንባቢ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ያየሁት ጸጥታውን ነበር። ቀን ቀን ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ድምፅና የገንዘብ መቁጠሪያ ማሽን ጩኸት ስሰማ እውላለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ግጥም እሞክራለሁ። ግጥም ጸጥታ ይፈልጋል ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ በ2013 ዓ.ም. ባንኩ ለሠራተኞቹ በሚሰጠው የቤት ብድር ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ስገዛ፣ ለባለቤቴ የነገርኋት የመጀመሪያ ነገር «እዚህ እንኳ መጻፍ ይቻላል» የሚል ነበር።

ያደግሁት ካዛንቺስ በቀበሌ ቤት ነው። ግድግዳችን ጭቃ ስለ ነበር የጎረቤት ሳል የእኛም ሳል ነበር። እናቴ ቡና ቆልታ ዘነዘናውን ስታነሣ፣ ማንም ማንንም ሳይጠራ፣ ሦስት አራት ሴቶች ነጠላቸውን እያጣፉ ይመጡ ነበር፤ የሙቀጫው ድምፅ ራሱ ጥሪ ነበርና። እኔ ግን ትራስ ጆሮዬ ላይ ጭኜ ለማጥናት ስታገል የማስበው አንድ ቀን ድምፅ የሌለበት ቤት እንደሚኖረኝ ነበር።

ያ ቀን መጣ። ሰሚት ልጅ ለማሳደግ የሚመች ሰፈር ነው። በሕንጻዎቹ መካከል ባለው ግቢ ከሰዓት በኋላ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፤ እናቶች በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጡ ከላይ ሆነው ይጠብቋቸዋል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የዘበኛው ሳልና የሩቅ ውሻ ጩኸት ብቻ ይሰማል። ሕንጻችን ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ አለው፤ አሳንሰር የለውም። እኛ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን።

የጋራ ሕንጻ ነዋሪ የራሱ ሕግ አለው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ባለቤቶች ማኅበር ያቋቁማሉ፤ ደረጃው፣ ግቢው፣ ጣሪያው የጋራ ነው። እኔም «ባንክ ስለሚሠራ ሒሳብ ያውቃል» ተብዬ የሕንጻችን ማኅበር ጸሐፊ ሆንሁ። ወርሃዊ መዋጮ እመዘግባለሁ፤ ማስታወቂያም እጽፋለሁ።

ከእኛ በላይ አንዲት እናት ብቻቸውን ይኖራሉ። ቤቱ በዕጣ የደረሳቸው ናቸው፤ ከሚወጣው ዕጣ 30 በመቶው ለሴቶች ይያዝ በነበረበት ጊዜ ያገኙት። ልጃቸው አግብታ አዳማ ገብታለች። ከዚያ በፊት ሰንጋ ተራ ነበሩ፤ ዛሬ የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች የተሰለፉበት ሰንጋ ተራ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው ሁለት ነገር ነበር፤ መዋጮ ከሁሉ ቀድመው የሚከፍሉት እሳቸው መሆናቸውን፣ ከጧቱ 12 ሰዓት ላይም ቡና የሚወቅጡ መሆናቸውን።

ልጃችን እንደ ተወለደች ሰሞን ነው። ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ንጋት ላይ ሸለብ ያደርጋታል፤ ያኔ ከላይ ዱም፣ ዱም፣ ዱም ይላል። ልጅቷ ትነቃለች፤ እኛም ተያይተን ዝም እንላለን። ወጥቼ በር አንኳኩቼ «እማማ፣ ሕፃን አለችን» ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ጸሐፊ ነኝና ጻፍሁ። ደረጃው መግቢያ ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ተራ ቁጥር 4 «ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላና ከጧቱ 2 ሰዓት በፊት በሙቀጫ መውቀጥ ፈጽሞ ክልክል ነው» ይላል። ማኅተምም አለው።

እማማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧትም ቀንም መውቀጥ ተዉ። የተፈጨ ቡና ከሱቅ መግዛት እንደ ጀመሩ ባለቤቴ ሰማች። እኔም እንደ ድል ቆጠርሁት።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ ካዛንቺስ ፈረሰ። እናቴ ይህን ሳታይ አርፋለች። አንድ ቅዳሜ ሄጄ ቤታችን የነበረበትን ስፈልግ ማግኘት አልቻልሁም፤ ምልክት ያደረግሁት የባሕር ዛፍ ግንድ እንኳ አልነበረም። ተመልሼ ለዚያ ሰፈር ግጥም መጻፍ ጀመርሁ። ስለ ጭቃው ግድግዳ፣ ስለ እድሩ ድንኳን፣ ሳይጠሩ ስለሚመጡ ጎረቤቶች ረጅም ግጥም አሰብሁ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ሐሙስ ሌሊት፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ይህንኑ ግጥም ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ ከላይ ዱም የሚል ድምፅ መጣ። ትንሽ ቆየና ደገመ። ከዚያም ሦስተኛ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ብቅ ብላ «በዚህ ሌሊት ይወቅጣሉ እንዴ?» አለችኝ። «ተራ ቁጥር 4ን ረስተዋል፤ ነገ አነጋግራቸዋለሁ» አልሁ። ቤት የሚመታልኝ ቃል እየፈለግሁ ስለ ነበር ድምፁ አናዶኝ ነበር። በሩን ዘጋሁ።

በማግስቱ ሁለታችንም ሥራ ዋልን። ማታ 12 ሰዓት ላይ ስገባ ዘበኛው ደረጃው ሥር ጠበቀኝ። አዳማ ያለችው ልጃቸው ከጧት ጀምራ ብትደውል ስልክ አልነሣ ብሏት ነበር። ወጣን፤ አንኳኳን፤ በሩን ሰበርን። እማማ መታጠቢያ ቤቱ በራፍ ላይ ወድቀው ነበር፤ የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል። ነፍሳቸውን ያውቃሉ። ቀኝ እጃቸው ላይ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ይዘዋል። የጫማው ተረከዝ ያረፈበት የወለል ንጣፍ ላይ ጥቁር ምልክት ነበር።

እኔ ያን ምልክት አየሁ። ምን እንደ ሆነ ከዚያ ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ በቀር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ አልተናገርሁምም።

ሆስፒታል ስጠይቃቸው አመሰገኑኝ። «ስመታ ሰሚ አልነበረም፤ ደክሟችሁ ተኝታችሁ ይሆናል» አሉ። አጎንብሼ የብርቱካኑን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። ከሆስፒታል ወጥተው ልጃቸው ዘንድ አዳማ አራት ወር ቆዩ። በዚያ አራት ወር በላያችን አንድም ድምፅ አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ የፈለግሁት ጸጥታ ይህ ነበር። የካዛንቺሱን ግጥም ግን መጨረስ አልቻልሁም። ከአንድ ወር ሙከራ የወጣልኝ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤

ጸጥታ ገዛሁኝ በጎረቤት ዋጋ፣
ለማን እንደ መሸ ሳላውቅ እንዲነጋ።

መጋቢት ላይ እማማ ከአንዲት የልጅ ልጃቸው ጋር ተመለሱ። ባለቤቴ አንድ ኪሎ ቡናና ስኳር ሰጥታኝ «ብቻህን ውጣ» አለችኝ። ወጣሁ። እማማ ክራንቻቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። «ሰምተን ነበር፣ እማማ» አልኋቸው። «የዚያን ሌሊት ሰምተን ነበር። የሚወቅጡ መስሎን ነው።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የልጅ ልጃቸው ከጓዳ ወጥታ እኛን አይታ ተመለሰች። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ስወቅጥ ሰማችሁ፤ ስወድቅም ሰማችሁ። መስማትማ አልጎደለባችሁም። የጎደለው ደረጃ መውጣት ነው።»

አልተቆጡም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላሉም። ቡናው ቀረበ፤ ሦስተኛው እስኪጠጣ ተቀመጥሁ። ሰንጋ ተራ የነበረው ግቢያቸው የት ላይ እንደ ነበር በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ሥለው አሳዩኝ። በ2014 ዓ.ም. ከተመረቀው ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብዙም አይርቅም። «ከእናንተ ከባንኮቹ ጋር ጎረቤት ነን ማለት ነው» ብለው ሳቁ።

በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ተራ ቁጥር 4 እንዲሰረዝ ሐሳብ አቀረብሁ፤ አባላቱ አልተቀበሉትም። እውነታቸውን ነው። ሌላም ቤት ሕፃን አለ፤ የሌሊት ተረኛ ሠርቶ ጧት የሚተኛ አለ። ሕጉ ስሕተት አልነበረበትም። ስሕተቱ እኔ ለጎረቤቴ የተናገርሁት የመጀመሪያ ቃል ሕግ መሆኑ ነው። በኮንዶሚኒየም አብረን ጣሪያና ግድግዳ ይዘን፣ የምንተዋወቀው አንዳችን በአንዳችን ድምፅ ስንማረር ብቻ ከሆነ፣ ጸጥ ያልን ዕለት ፈጽሞ አንተዋወቅም ማለት ነው።

ማስታወቂያው ዛሬም እዚያው ተለጥፏል። እኔ ግን ወጥቼ እማማን አንድ ነገር ለመንኋቸው፤ የሱቁን ቡና ትተው እንደ ድሮው እንዲወቅጡ፣ ሰዓቱ ብቻ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንዲሆን። እሺ አሉኝ። አሁን እሑድ እሑድ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከላይ ዱም ዱም ይላል። አምስት ዓመት ሊሞላት የተቃረበችው ልጄ ጫማዋን እያጠለቀች ወደ በሩ ትሮጣለች።

በእኛ በርና በእሳቸው በር መካከል ያለው ደረጃ አሥራ ስምንት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ሦስት ሰዓት አልፎ ድምፅ ካልሰማሁ፣ የያዝሁትን አስቀምጬ እወጣለሁ።