በፋሲካ ዋዜማ የሚሞረድ ቢላዋ

አበው «ሰርገኛ መጣ፥ በርበሬ ቀንጥሱ» ብለው የሚተርቱት አስቀድሞ ባልተሰናዳ ቤት ላይ ነው። ይህ ተረት በምኖርበት በአቃቂ ቃሊቲ በዓመት አንድ ቀን፥ በቀዳም ስዑር ከሰዓት በኋላ፥ እውነት ሆኖ ይታያል። ከአቃቂ የከብት ገበያ በግ እየጎተተ የሚመለሰው አባወራ፥ ዶሮ አንጠልጥላ የምትገባውም እመቤት፥ ሁሉም በአንድ ሰዓት የሚያስታውሱት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የዶለዶመው ቢላዋ ነው።

በሰፈራችን በእግር በሚዘወር ድንጋይ ቢላዋ የሚሞርዱ አንድ አዛውንት አሉ። በዓርብ ስቅለት ያከፍላሉ፤ እስከ ትንሣኤ ድረስ እህልም ውሃም አይቀምሱም። ይሁን እንጂ በዚያን ዕለት ከድንጋያቸው ፈቀቅ ለማለት ፋታ አያገኙም። አንዱ እጀታው የወለቀ ካራ፥ ሌላው የዛገ መጥረቢያ ይዞ ይመጣና «አባቴ፥ ቶሎ ይበሉልኝ» ይላል። ሚያዝያ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ለአንድ ጎረምሳ «ልጄ፥ እኔም እኮ ቅዳሴ እሄዳለሁ» ሲሉት ሰማሁ። ጎረምሳው «ይህችን አንዲት ብቻ» ብሎ ለመናቸው፤ ከኋላው ግን ገና ሰባት ሰዎች ተሰልፈው ነበር። ሽማግሌው እንደገና ድንጋያቸውን መዘወር ጀመሩ።

ሥራው ራሱ ችኮላን አይወድም። ቢላዋው ያለ ውሃ በኃይል ከድንጋዩ ላይ ሲጫኑት ስለቱ ይግላል፤ የጋለውም ብረት ጥንካሬውን አጥቶ ፈጥኖ ይዶለዱማል። ዱልዱም ቢላዋ ደግሞ ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅ ከአጥንት ላይ ተንሸራትቶ እጅ ይቆርጣል። ዶሮዋን በ12 ብልት የምታወጣው እናት ይህን አሳምራ ታውቃለች።

ምናልባት «ፋሲካ ቀኑ ይዘዋወራል» የሚል አይጠፋም። በእርግጥም በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሚያዝያ 12 ቀን ውሏል። ነገር ግን ለቅዱስ ድሜጥሮስ ተገልጦለታል የምንለው ባሕረ ሐሳብ ቀኑን አስቀድሞ ያስታውቀናል፤ በዕለተ ቅዱስ ዮሐንስም በየቤተ ክርስቲያኑ ይታወጃል። ጾመ ነነዌ ከበዓሉ 69 ቀን ቀድሞ ይገባል፤ ዐቢይ ጾምም ራሱ 55 ቀን ነው። እንግዲህ ይህን ያህል ጊዜ ሲጠበቅ የኖረ በዓል ድንገተኛ እንግዳ ሊባል አይችልም። የሚያዘናጋን የጾሙ ርዝመት ነው፤ ሥጋ በማይቆረጥበት ቤት ቢላዋን የሚያስበው የለም።

ሌላው ደግሞ «ይህ ቀን ለሞራጁ የመከር ቀኑ አይደለምን?» ይል ይሆናል። ገንዘቡ ለእኒያ ሽማግሌ እንደሚያስፈልጋቸው አልክድም። ሆኖም ያው ቢላዋ ከሦስት ሳምንት በፊት ቢመጣላቸው ያንኑ ዋጋ ያገኙበታል፤ ሌሊቱም ለእርሳቸው ይተርፋል። ሰው 55 ቀን ጾሞ፥ አክፍሎም ደክሞ፥ በሌሎች መዘግየት ምክንያት ከትንሣኤው ቅዳሴ ቢቀር ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። እርሳቸውም እንቢ እንዳይሉ፥ ከተሰለፉት መካከል ዶሮዋን የምትቆርጥበት የሌላት መበለት ልትኖር ትችላለች።

ስለዚህ፥ ውድ አንባብያን ሆይ፥ ለየቤታችን አንድ ቀን እንቁረጥ። ገብር ኄር የተባለው እሑድ ከፋሲካ 21 ቀን ይቀድማል፤ የታመነው አገልጋይ የሚታሰብበትም ዕለት ነው። በማግሥቱ ሰኞ አባወራው ቢላዋዎቹን ያውጣ፤ የላላውን እጀታ ያጥብቅ፤ የዶለዶመውንም ለሞራጁ ይላክ። ተስሎ ሲመለስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ። ይህን ብናደርግ በቀዳም ስዑር ማምሻውን በሞራጁ ደጃፍ ሰልፍ አይኖርም፤ እርሳቸውም ድንጋያቸውን አቁመው፥ እጃቸውን ታጥበው፥ ነጠላቸውን ለብሰው ከእኛው ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ።