ያልነካኝ ቀን ነው ያመንኩት
ከኢንተርስቴት 80 የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ከዴ ሞይን በስተምሥራቅ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ

አዮዋ የበቆሎና የአኩሪ አተር አገር ነው። መንገዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከፊት ያለው ትራክ ከኋላ ካለው አይለይም። የአክስቴ ልጅ ከዴንቨር ጭኖ ወደ ቺካጎ እያመራ ነው። መኪናው የራሱ ስለሆነ ከጎኑ ተቀምጬ አገር እያየሁ ነው። እሱ ግን ከፋሲካ ወዲህ ወገቡን ይዞታል። በአንድ እጁ መሪውን ይዞ ሌላውን ይጨብጥና በወገቡና በወንበሩ መሃል ይሸጉጠዋል። ሲደክመው እጁን አውጥቶ የተጠቀለለ ፎጣ ይተካል።

የአሜሪካ ሕግ ጭነት ለሚነዳ ሰው በአንድ ፈረቃ እስከ 11 ሰዓት መንዳት ይፈቅዳል። 8 ሰዓት ከነዳ ቢያንስ 30 ደቂቃ ማቋረጥ ግዴታው ነው። ሕጉን የጻፉት ሰዎች የፈሩት እንቅልፍን ነው፤ ለወገብ ያሰበለት የለም። ቁጭ ብሎ መዋሉ ብቻውን ይበቃ ነበር። በዚያ ላይ ሞተሩና አስፋልቱ ቀኑን ሙሉ ወደ አከርካሪ የሚልኩት ንዝረት አለ፤ ሲደርሱ ደግሞ የተጎታቹን ከባድ በር መክፈትና ማሰሪያ መሳብ ይጠብቃል።

እናቱ ከደሴ ደወለች። ስልኩ ስፒከር ላይ ነው።

«እዚያ አገር ወጌሻ የለም እንዴ ልጄ?»

«አለ እማዬ። እዚህ ካይሮፕራክተር ይሉታል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

መልስ አልሰጣትም። ሲጠብቅ የቆየው ሁለት ዓይነት ወሬ ስለሰማ ነው። አንዱ ጓደኛው «በአንድ ቀን ቀጥ አደረገኝ» ይለዋል፤ ሌላው «አንገትህን ጠምዝዞ ሽባ ያደርግሃል» ይለዋል።

ዋልኮት፣ መውጫ 284፣ ምሽት

አዮዋ 80 ራሱን «የዓለም ትልቁ የትራክ ማረፊያ» ብሎ ይጠራል። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን 900 ያህል ትራክ ያቆማል። ውስጡ ከተማ ነው፦ ምግብ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ሲኒማ፣ የጥርስ ሐኪም አለው። የካይሮፕራክተር ክሊኒክም አለው። ይህ ድንገት የመጣ አይደለም፤ የት ሄደው ቢከፍቱ ይህን ያህል የታመመ ወገብ በአንድ ግቢ ያገኛሉ?

የአክስቴ ልጅ የሳምንት ሰዓቱን ስለጨረሰ 34 ሰዓት ማረፍ አለበት። ጭነቱም የሚራገፈው ሰኞ ነው። እራት ላይ አንድ ሐበሻ ነጂ አገኘን፤ ፀጉራቸው ገብስማ ነው፤ ሁለታችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን።

«ጋሼ፣ እርስዎ ካይሮፕራክተር ዘንድ ይሄዳሉ?» አልኳቸው።

«ሰፈሬ ያለ አንዱ ዘንድ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ግን አልወደድኩትም። ወገቤን ሲያንቋቋው የሰበረኝ ነበር የመሰለኝ።»

«ታዲያ በኋላ እንዴት አመኑት?»

«ያልነካኝ ቀን ነው ያመንኩት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ክረምት ሕመሙ ከወትሮው በረታባቸው። ሁለቱም እግራቸው ዛለ፤ በጭናቸው መሃል፣ ኮርቻ የሚነካው ቦታ ሁሉ ደነዘዘ፤ ሽንታቸውም አልመጣ አለ። እንደልማዳቸው ሄደው አልጋው ላይ ሊተኙ ሲሉ ሰውየው ጥያቄ ጀመረ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ እጁን ሰብስቦ አምቡላንስ ጠራ። በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው።

በአከርካሪ ውስጥ የሚወርደው ህብለ ሰረሰር ከታች በኩል ሲያልቅ ወደ እግርና ወደ ፊኛ የሚወርዱ ነርቮች እንደ ጭራ ተበትነው ይገኛሉ። የወጣ ዲስክ እነሱን ከጨፈለቃቸው የሚያድነው በሰዓታት ውስጥ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ማሸትም መጠምዘዝም አይደለም። ካይሮፕራክተር ዘንድ ሳይሆን ቀጥታ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ሌሎች ምልክቶችም አሉ፦ እየባሰ የሚሄድ የእግር ድካም፣ ትኩሳት፣ ያለምክንያት መክሳት፣ ቀድሞ የታከሙት ካንሰር፣ ከባድ መውደቅ ወይም የመኪና አደጋ፣ የአጥንት መሳሳት፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ። ከእኛ አገር ለሄደ ሰው አንድ መጨመር ያስፈልጋል፤ የሳንባ ነቀርሳ አከርካሪም ውስጥ ይገባል። ቀስ ብሎ የሚብስ የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብና መክሳት አብረው ከመጡ ምርመራ ይቀድማል። በነቀርሳ የተበላ አጥንት ላይ በኃይል መጫን አደጋ ነው።

የአክስቴ ልጅ አንድ በአንድ ሰምቶ ለሁሉም «የለብኝም» አለ። ሲቀመጥ ያመዋል፤ ሲራመድ ይለቀዋል። ወደ እግሩ አይወርድም።

ዳቨንፖርት፣ ብሬዲ ጎዳና፣ ቅዳሜ ጠዋት

ከዋልኮት ጥቂት ደቂቃ ነድቶ የሚደረሰው ዳቨንፖርት የካይሮፕራክቲክ ሙያ የትውልድ ከተማ ነው። በዚህ በኩል ሲያልፍ ወደ ምዕራብ በሚታጠፈው ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ተነስተን ብሬዲ ጎዳናን ወደ ላይ ወጣን። ዳገቱ ቀላል አይደለም። አናቱ ላይ የፓልመር ካይሮፕራክቲክ ኮሌጅ ይገኛል።

ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር ከካናዳ የመጣ ሰው ነው። ግሮሰሪ ነግዷል፤ ኋላም እጁን በሕመምተኛ ላይ አሳርፎ «በማግኔት ኃይል» እፈውሳለሁ ይል ነበር። በ1895 እዚሁ ከተማ ቢሮው በሚገኝበት ሕንፃ የጽዳት ሠራተኛ የነበረውን ሃርቪ ሊላርድን አገኘ። ሊላርድ ከ17 ዓመት በፊት ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ጀርባው ውስጥ የሆነ ነገር ቋ እንዳለና ከዚያ ወዲህ ጆሮው እንደደነቆረ ነገረው። ፓልመር አከርካሪውን ዳሰሰ፤ ቦታውን የለቀቀ አጥንት አገኘሁ ብሎ ገፋው። ሊላርድ ሰማ ይላል ታሪኩ። ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ የመስሚያ ነርቭ ከጆሮ ወደ አንጎል የሚሄደው ራስ ቅል ውስጥ ነው፤ በአከርካሪ በኩል አያልፍም።

ፓልመር ከዚህ ተነስቶ ከመቶ 95 እጅ የሚሆነው በሽታ ሁሉ ከተዛነፈ አከርካሪ ይመጣል እስከማለት ደረሰ። በ1897 ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1906 ያለፈቃድ አክመሃል ተብሎ ተፈረደበት፤ ቅጣቱን አልከፍልም ብሎ እስር ቤት ገባ። ሙያውን በአሜሪካ ያሰራጨው ልጁ ቢጄ ፓልመር ነው። ቢጄ ማስታወቂያ አዋቂ ነበር። በ1922 የገዛው የሬዲዮ ጣቢያ ዛሬም ድረስ ይዞት የቆየውን መጠሪያ፣ ደብልዩ ኦ ሲን፣ የካይሮፕራክቲክ ድንቆች በሚል ትርጉም ይፈታው ነበር።

ከዚያ የመጣው የፍርድ ቤት ታሪክ ነው። ካንሳስ በ1913 ሙያውን በሕግ ፈቀደች፤ ሉዊዚያና እስከ 1974 ቆየች። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱ ከካይሮፕራክተር ጋር እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር። በ1976 ቼስተር ዊልክ የተባለ ካይሮፕራክተር ከባልደረቦቹ ጋር ከሰሰ፤ በ1987 ዳኛ ሱዛን ጌትዘንዳነር ማኅበሩ ሙያውን ለማጥፋት ከሕግ ውጭ አሢሯል ብለው ፈረዱ። ዛሬ ካይሮፕራክተር ለመሆን የዶክትሬት ትምህርት ጨርሶ፣ አገር አቀፍ ፈተና አልፎ፣ ከክፍለ ግዛቱ ፈቃድ መያዝ ያስፈልጋል። የነጂዎችን የጤና ካርድ የሚፈርሙ እንኳ አሉ፤ የአክስቴ ልጅ ባለፈው ካርዱን የፈረመለት ሰው ማን እንደነበረ ያወቀው እዚህ ስናወራ ነው።

«እንግዲህ እንደኛ ወጌሻ አይደለም» አለ።

በትምህርቱ አይደለም። በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ። ጎበዝ ወጌሻ ወለምታ ሲያይ ያሻል፤ አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ሲወጣ «ይሄ የኔ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት» ይላል። የማያውቀው ደግሞ የቀርከሃ ማሰሪያውን አጥብቆ ደም ያቋርጥና የታማሚውን እግር ያስቆርጣል። የአጥንት ሐኪሞቻችን ይህን በተደጋጋሚ ያዩታል።

ኮሌጁ ፊት ለፊት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ

ለወገብ የተጠናውን በስልኬ አወጣሁለት። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ አዲስ የጀመረ የወገብ ሕመም አብዛኛው በጊዜው እንደሚሻል ይናገራል፤ ከመድኃኒት በፊት ሙቀት፣ ማሸት፣ አኩፓንክቸር ወይም አከርካሪን በእጅ ማስተካከል እንዲሞከር ይመክራል። ለቆየው ሕመም ደግሞ እንቅስቃሴን፣ አኩፓንክቸርንና አከርካሪን በእጅ ማስተካከልን ያካትታል። በዚያው ዓመት 26 ሙከራዎችን የመዘነ ጥናት በእጅ የሚደረገው ሕክምና እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ሕመምን በመጠኑ እንደሚቀንስ አገኘ። በ2018 በ750 የአሜሪካ ወታደሮች ላይ የተደረገው ሙከራም ከተለመደው ሕክምና ጋር ካይሮፕራክቲክ የተጨመረላቸው በመጠኑ የተሻለ እንደተሰማቸው ያሳያል።

ይበልጥ የገረመው ግን የ1998ቱ ጥናት ነው። 321 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ክፍል ካይሮፕራክተር ዘንድ፣ አንዱ ፊዚዮቴራፒ ሄደ፣ ለሦስተኛው አንድ ቡክሌት ብቻ ተሰጠው። የፊተኞቹ ሁለቱ እኩል ነበሩ። ቡክሌት ያነበቡትን የበለጡት ለጥቂት ነው።

«ስለዚህ አይጎዳም፣ ግን ተአምር አይደለም» አለ።

ወገብ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ጉዳት አያደርስም፤ የሚያጋጥመው ለአንድ ሁለት ቀን የሚቆይ ሕመም ነው። ቋ የሚለውም ድምፅ አጥንት ወደ ቦታው ሲመለስ የሚሰማ አይደለም፤ መገጣጠሚያው ውስጥ ባለው ፈሳሽ የጋዝ አረፋ ሲፈጠር ነው። አንገት ግን ሌላ ነው። ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ሥሮች በአንገት አጥንቶች መሃል ያልፋሉ። አንገት በድንገት ሲጠመዘዝ አልፎ አልፎ የሥር መቀደድና ስትሮክ ተከትሎ ታይቷል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2014 ሕመምተኛው ይህ ቀድሞ እንዲነገረው መክሯል። ወገቡን ያመመው ሰው አንገቱን የሚያስነካበት ምክንያት አልታየንም።

ወንዙ ዳር፣ ከሰዓት በኋላ

ዳገቱን ስንወርድ ፎጣውን ረስቶታል። መራመዱ ራሱ ወገቡን ፈታው። እኔ እንዲህ አልኩት፦ ፊዚዮቴራፒ ይሻልሃል፤ እንቅስቃሴውን አስተምረው ይለቁሃል።

«ፊዚዮቴራፒ በሳምንት ሁለት ቀን እዚያው ከተማ ና ይሉሃል» አለኝ። «አንተ የምታድረው ቤትህ ነው። እኔ ማክሰኞ ኦማሃ ነኝ፣ ሐሙስ ሶልት ሌክ። ካይሮፕራክተር ግን የትም አለ።»

ይህ ክርክር ረታኝ። ብዙ ነጂ እዚያ የሚሄደው አምኖበት ሳይሆን በመንገዱ ላይ ስላለ ነው። ችግሩ በየመውጫው አዲስ እጅ መሆኑ ነው፤ ሕመሙ ሲብስ የሚያስተውል አንድም ሰው የለም። ስለዚህ ዴንቨር፣ ቤቱ አቅራቢያ፣ አንድ ሰው ብቻ እንዲይዝ ተስማማን። አንገቱን አያስነካም። ሳያስፈልግ ራጅ አይነሳም፤ የአደጋ ምልክት ለሌለው ወገብ መመሪያዎቹም ራጅ አይመክሩም። ለአራት ጊዜ ሄዶ ለውጥ ካላየ ያቆማል። የ30 ደቂቃ እረፍቱን ደግሞ ስልክ ላይ ሳይሆን ትራኩን እየዞረ ያሳልፋል።

እዚያው ተቀምጦ ዴንቨር ወዳለ ክሊኒክ ደወለ። የተቀበለችው ልጅ ገና ስሙን ጠይቃ ሳትጨርስ ለወራት የሚቆይ የጉብኝት ጥቅል እንዳላቸው፣ አስቀድሞ ከከፈለ ቅናሽ እንዳለው ነገረችው። አመስግኖ ዘጋ። ሌላ ዘንድ ደወለ።

«ስንት ጊዜ መምጣት አለብኝ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሳናይህ ልንነግርህ አንችልም» አሉት። «እግርህ ላይ ድንዛዜ አለ? ሽንትህስ እንዴት ነው?»

ለሚመጣው ሳምንት ቀጠሮ ያዘ።